ከጣና ዳር ወደ ደጋው፦ ከኅዳር እስከ ጥምቀት ስለሚደረግ ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ባሕር ዳር ስለሆነ ጥቅምት ሲያልቅ ስልኬ አያርፍም፤ ዘመድ ወዳጅ ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከነመልሱ እዚህ አስቀምጫለሁ።

ለጉዞ የሚሻለው የትኛው ወር ነው?

እኔን ከጠየቃችሁኝ ኅዳር ነው። ክረምቱ መስከረም ላይ ወጣ ቢባልም ጥቅምት ውስጥ አልፎ አልፎ ያካፋል። የገጠሩ ጥርጊያ መንገድም ጭቃው ገና አይደርቅም። ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ጥርት ይላል። ተራራው አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ማሳው ቢጫ ይሆናል። ሁለቱ ቀለም ጎን ለጎን የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትሄዱ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ይታጨዳል። ከፍ ስትሉ ጤፍ ነው፤ አሁንም ከፍ ስትሉ ገብስ። አንዱ ያጭዳል፣ አንዱ ይከምራል፣ አንዱ በሬዎቹን አውድማ ላይ ያዞራል። መኪና አስቁማችሁ ዝም ብላችሁ ብታዩ እንኳ ቀኑ ይበቃችኋል።

ታኅሣሥ ሰማዩ እንደጠራ ነው፤ ብርዱ ግን ይጠነክራል። ጥር የበዓል ወር ነው። ሣሩ ይደርቃል፣ አቧራ ይነሣል፣ አልጋ ይወደዳል። ለበዓሉ ብላችሁ ከሆነ የምትመጡት የገናን ሰሞንና ጥርን ምረጡ። አገሩን ለማየት ከሆነ ግን ኅዳርን አትለፉት።

ባሕር ዳር ሞቃት አይደለችም እንዴ? ጃኬት ለምን ያስፈልጋል?

ቀን ቀን ሞቃት ናት። ከተማዋ ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በታኅሣሥ ቀትር ላይ በቲሸርት ትሄዳላችሁ። ጠዋት ግን ሌላ ነው። ሊነጋ ሲል 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ከሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ጀበና ቡና የሚጠጣ ሰው ጋቢውን እስከ ጆሮው ይለብሳል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ያንኑ ጋቢ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይዞ ታገኙታላችሁ።

ዋናው ጉዳይ ከዚህ የምትወጡበት ከፍታ ነው። በየ1,000 ሜትሩ በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ጉና አናት ስትደርሱ ወደ 14 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ አየር ይጠብቃችኋል። ያውም ነፋሱን ሳይጨምር ነው።

ታዲያ ምን ምን ልያዝ?

አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ አያዋጣም፤ መደራረብ ነው። ከሥር ቲሸርት፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ። ጫማ አዲስ አትግዙ፤ የለመዳችሁትን ያዙ። የፀሐይ ቅባትና መነጽር ብርድ ስለሆነ አያስፈልግም እንዳትሉ፤ ከፍታ ላይ ፀሐይ ቆዳ የምትልጠው ሳታሞቅ ነው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃልና ፓወር ባንክ ያዙ፤ ማታ ስልካችሁን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛችሁት እደሩ።

ከሁሉም በላይ ግን ጋቢ አትርሱ። ለብሳችሁት ትጓዛላችሁ፣ ትተኙበታላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡም ያስፈልጋችኋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጉና የወጣሁ ዕለት በስስ ሹራብ ነበርኩ። ክምር ድንጋይ አጠገብ ከመኪና ወርደን ቁልቁል እያየን ሳለ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ገብስ ሲያበጥሩ የነበሩ አንዲት እናት ሥራቸውን ትተው መጡ። የለበሱትን ጋቢ አውልቀው «ልጄ፣ ልበሽ፤ እኔስ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። የገለባ ሽታ ነበረው። ቀኑን ሙሉ ለብሼው ውዬ ማታ መለስኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ያለ ጋቢ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ጢስ ዓባይ በዚህ ወቅት ውሃ አለው?

በኅዳር አለው፤ ግን የክረምቱን ያህል አትጠብቁ። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከፍታው ከ40 ሜትር ይበልጣል። ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የምታዩት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ የሚቀረው ትንሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር የምትመጡ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ውሃው እንዴት እንደሆነ እዚያው ጢስ ዓባይ ከተማ ያለ ሰው ጠይቁ።

ውሃው ቢቀንስም መንገዱ ራሱ ያስደስታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን አሮጌውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግራችሁ በእግር ትወጣላችሁ። አህያ የሚነዱ ገበያተኞች አብረዋችሁ ይሻገራሉ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።

የጣና ገዳማትን ለማየት ጀልባ በስንት ሰዓት ልያዝ? ሴቶችስ ይገባሉ?

በጠዋት፤ አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ላይ። ጣና ጠዋት እንደ ብርጭቆ ረግቶ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበል ይጀምራል። ስምንት ሰዓት ላይ ከዘጌ ስትመለሱ ጀልባው ሲዘል ልጆች ይደነግጣሉ። የጀልባውን ዋጋ ሳትሳፈሩ ተስማሙ፤ የት የት እንደሚያደርሳችሁም ስም ጠቅሳችሁ ተነጋገሩ። ላይፍ ጃኬት ከሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ።

ጊዜ ካጠራችሁ ዘጌ በቂ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በቡና ደን ውስጥ ናቸው። የዑራን የግድግዳ ሥዕል ቸኩላችሁ አትለፉት፤ አንድ መሪ ይዛችሁ ታሪኩን በየተራ አስነግሩ። ሙሉ ቀን ካላችሁ ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ጨምሩ። ሴቶች ዑራ፣ አዝዋና ናርጋ ይገባሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን የወንዶች ገዳማት ናቸው። እኅቶቼ፣ ይህን የሚነግሯችሁ ደሴቱ ዳር ከደረሳችሁ በኋላ እንዳይሆን አስቀድማችሁ እወቁት።

በመንገዳችሁ የደንገል ታንኳ ታያላችሁ። ቀዛፊው ውሃ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ሥራ ሲያልቅ አውጥተው ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አይጠፋም፤ ጀልባ ነጂው ተጠጋ ብላችሁ አትጎትጉቱት።

ከባሕር ዳር ደርሶ መልስ የሚሆን ደጋ አለ?

አለ፤ ሁለት አቅጣጫ ልጠቁማችሁ። አንደኛው ምሥራቅ ነው። በወረታ አድርጋችሁ ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ የአውራምባ ማኅበረሰብን መጎብኘት ትችላላችሁ። ወንዱም ሴቱም እኩል ሲሸምንና ሲፈትል ታያላችሁ፤ የእጅ ሥራቸውንም መግዛት ይቻላል። ደብረ ታቦር አጠገብ አፄ ቴዎድሮስ ሴቫስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ጋፋት አለች። ከዚያ ወደ ንፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ ጉናን ተጠግቶ ያልፋል። የከተማዋን ስም ልብ በሉት፤ እዚያ የደረሰ ሰው ለምን እንደተባለ አይጠይቅም።

ጉናን የምወደው በሌላም ምክንያት ነው። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚህ ተራራ ነው፤ ሁለቱም ጣና ይገባሉ። ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ ያያችሁት ውሃ ከየት እንደመጣ እግራችሁ ሥር ታዩታላችሁ። ጠዋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ ፀሐይ ስትነካው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ያየ ሰው ይገባዋል። ጅብራ የሚባለው ረጅሙ የደጋ ተክልም እዚያው ጉም ውስጥ ቆሞ ከሩቅ ሰው ይመስላል።

ሁለተኛው አቅጣጫ ደቡብ ነው፤ በዳንግላ ወደ እንጅባራ። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንጅባራ አጠገብ ክብ የሆነው ዘንገና ሐይቅ በደን ተከቦ ይጠብቃችኋል። መንገዱ ቀና ነው፤ ከፍታውም እንደ ጉና አይበዛም። አረጋውያንና ሕፃናት ላሉት ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። የሰከላውን ግሽ ዓባይ ማከል የምትፈልጉ ግን አንድ ሌሊት ጨምሩ። ቦታው ጸበል ነው፤ ቁርስ ሳትበሉ ሂዱ።

ሰሜን ተራሮችን ለማየት ስንት ቀን ያስፈልጋል?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከሦስት ቀን በታች አይሞከርም። ባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ እንፍራንዝ አጠገብ ጉዛራ ቤተ መንግሥት አለ፤ ጣናን ከላይ ስለሚያሳይ እግር ማፍታቻ አድርጉት። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ነው። መግቢያ የሚከፈለውም፣ ስካውት የሚባለው የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ የሚመደበውም፣ አስጎብኚና በቅሎ የሚገኘውም እዚያው ነው። ያለ ስካውት አይገባም።

በሦስት ቀን ሳንቃ በር አካባቢን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ይህ ይበቃል፤ መቶ ሆነው ሣር ሲነጩ በመካከላቸው ብታልፉም ቀና ብለው አያዩአችሁም። ዋልያን ለማየት ግን ወደ ጨነቅ መዝለቅ ነው፤ ለዚህ አምስት ቀን ብትይዙ ጥሩ ነው። ራስ ዳሽንን፣ ያን ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን አናት፣ የምትሹ ሰባት ስምንት ቀን ያዙ። ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1970 ዓ.ም ነው። ለረጅም ዓመታት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቶ የወጣው በ2009 ዓ.ም ነው። ስለዚህ የያዛችሁትን ፕላስቲክ መልሳችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ይህንን አደራ እላለሁ።

የገና ጾም ነው፤ መንገድ ላይ ምን እንበላለን?

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ስለዚህ የዚህ ወቅት ጉዞ አብዛኛው በጾም ነው የሚያልፈው። ለጿሚ ምንም ችግር የለም። በየከተማው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በያይነቱ አለ። ደጋው ላይ ትኩስ የገብስ እንጀራና ድንች ወጥ ታገኛላችሁ፤ ቆሎ ኪሳችሁ ውስጥ አይጥፋ። ገዳማትም ሆነ ገጠር ቤት በእንግድነት ስትገቡ ጾመኛ መሆን አለመሆናችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ፤ አስተናጋጁ እንዳይቸገር።

ለማይጾም ሰው ችግሩ ከከተማ ሲወጣ ነው። በትናንሽ ከተሞች ብዙ ቤት ሥጋ አይሠራም፤ እንቁላልም ላይገኝ ይችላል። ባሕር ዳር ላይ የጣና አሳ አለ። ቆሮሶውን ጥብስ፣ አምባዛውን ጉላሽ ብታዙ አትቆጩም። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ደጋግሞ የሚያከራክር ነገር ነው፤ ለዚያ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ እንጂ እኔ አልገባበትም።

ገና ታኅሣሥ 28 ነው ወይስ 29?

በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ በ28 ይውላል። ለምሳሌ 2016 ዓ.ም እንደዚያ ነበር፤ 2020ም እንደዚያው ይሆናል። ጥምቀት አይለወጥም፤ ምንጊዜም ጥር 11 ነው። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችሁ ትኬት ሲቆርጡ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ገና በእነርሱ አቆጣጠር ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ግን ጃንዋሪ 19 ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ 20 ይሆናል።

ገናን ላሊበላ ላክብር ወይስ ባሕር ዳር ልቆይ?

ላሊበላን በገና ያላየ አንድ ጊዜ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ዕለቱ የንጉሥ ላሊበላ የልደት ቀንም ነው። ምእመናን ከሩቅ አገር ለቀናት በእግር ተጉዘው ይመጣሉ፤ ሌሊቱን በየድንጋዩ ሥር ነጭ ለብሰው ያድራሉ። ጠዋት ላይ ቤተ ማርያም ዘንድ ቤዛ ኩሉ ይዘመራል። ካህናቱ ግማሹ ከላይ ገደሉ አናት፣ ግማሹ ከታች ግቢው ውስጥ ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ቦታ ለማግኘት ሌሊቱን መውጣት ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷ ይበርዳል።

መኝታው ግን ከወራት በፊት ካልተያዘ ከባድ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ ወይም ሕዝብ መሐል መቆም የሚከብዳችሁ ባሕር ዳር ብትቆዩ ምንም አይቀርባችሁም። ቅዳሴ አስቀድሳችሁ፣ ጾሙን ፈትታችሁ፣ ከሰዓት ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ዓባይ ከተማዋን አቋርጦ ሲሄድ ታያላችሁ።

ጥምቀትስ? ጎንደር አልጋ ካላገኘሁ ምን ላድርግ?

የጎንደር ጥምቀት ሦስት ቀን ነው። ጥር 10 ከተራ ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ሌሊቱን እዚያው አድረው ጥር 11 ጠዋት ውሃው ይባረካል፤ ወጣቱም እየዘለለ ይገባል። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ይመለሳል። ሁሉንም ለማየት ጥር 9 ማታ ጎንደር መግባት ይኖርባችኋል። አልጋ ካልያዛችሁ ባሕር ዳር አድሮ በጠዋት መሄድን አልመክርም። ከተራ ዕለት መንገዱ ይጨናነቃል፤ ማታ መመለስም ጥሩ አይደለም።

አልጋ ከጠፋ ጣና ዳር አክብሩ። ከሐይቁ ዳር ያለው ጥምቀት ጸጥ ያለ ነው፤ ካህናቱን በቅርብ ትሰማላችሁ። ከዚያ ጥር 23 ድረስ መቆየት ከቻላችሁ እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞች የሚያስታውስ ነው። ፈረሱ በጌጥ ተሽሞንሙኖ ሲጋልብ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይርዳል። ብዙ ሰው ከጥምቀት በኋላ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ይህ ያመልጠዋል፤ እኔን በጣም ይቆጨኛል።

ተራራ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያዘኝ። ብርድ ነው ወይስ ሌላ?

ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ከፍታውን ጠርጥሩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አቅም ማነስ ከሆነ ሰውነታችሁ ገና አልለመደም ማለት ነው። ባላችሁበት ዕረፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ መጠጥ አትቅመሱ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ግን አትውጡ። በማግሥቱ ካልተሻለ ውረዱ። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም ነገር የሚምታታበት ሰው ካለ ሌሊትም ቢሆን አሁኑኑ ይውረድ፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጎረምሳና ጠንካራ መሆን ከዚህ አያድንም።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአንድ ቀን ጉና አናት የሚወጣ ሰው 2,300 ሜትር ነው የሚጨምረው። ለጥቂት ሰዓት ወጥቶ መውረድ ለጤነኛ ሰው ይቻላል፤ እዚያ ማደር ግን ሌላ ነገር ነው። ሰሜን ላይ በእግር የሚሄድ ሰው ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ሳንቃ በር አንድ ሌሊት፣ ግጭ አንድ ሌሊት እያለ ሲወጣ ሰውነቱ ይለምዳል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ሕፃናት ሕመማቸውን ስለማይናገሩ፣ ያለወትሮው የሚያለቅስና ምግብ እንቢ የሚል ልጅ ካለ ይዛችሁት ውረዱ።

ደጋው ላይ ወባ የለም። ትኩሳት ከያዘኝ ጉንፋን ነው ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደጋው ላይ ወባ ባይኖርም ባሕር ዳርና ጣና ዳር አለ፤ ያውም የሚበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ትንኟ ከነደፈች ትኩሳቱ እስኪጀምር አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ዛሬ ባሕር ዳር የተነደፈ ሰው ትኩሳቱ የሚነሣበት ደባርቅ ወይም ላሊበላ ላይ ሊሆን ይችላል። ጉንፋን ነው ብሎ ሻይ በዝንጅብል እየጠጣ ቀን ከቆጠረ ይከፋበታል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ቁርጥማት ካለ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና ደማችሁን አስመርምሩ። ከጣና ዳር መምጣታችሁንም ንገሩ።

ባሕር ዳር ስታድሩ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፤ ሲመሽ እጅጌ ረጅም ልበሱ። ሐይቁ ዳር አትዋኙ፤ ቢልሃርዝያ አለበት።

መንገዱ ሰላም ነው?

ይህን የማይጠይቀኝ የለም፤ መጠየቁም ልክ ነው። ክልሉ ውስጥ ከ2015 ዓ.ም ማለቂያ ጀምሮ ግጭት አለ። ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጽፌ «ሂዱ» ወይም «አትሂዱ» ልላችሁ አልችልም። የምላችሁ እኔ ራሴ የማደርገውን ነው። ከመነሣቴ በፊት በዚያው ጠዋት መዳረሻዬ ላይ ለሚኖር ሰው እደውላለሁ፤ የሳምንት ወሬ አይሠራም። መናኸሪያ ሄጄ ከወዲያ የመጣ መኪና መኖሩን እጠይቃለሁ። ከወዲያ የመጣ ከሌለ አልነሣም። ጨለማ ሳይሆን የምገባበት ቦታ ብቻ እመርጣለሁ። መታወቂያ፣ ጥሬ ገንዘብና ስልክ ቁጥር በወረቀት እይዛለሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ባንኩም አብሮ ይጠፋል።

ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። አቅሙ ካላችሁ በአየር መጓዝ ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል። ለመመለሻ አንድ ሁለት ትርፍ ቀን ያዙ። አንድ ነገር ካልጣማችሁ ጉዞውን ሰርዙት። ተራራው የትም አይሄድም፤ እናንተም ለከርሞ ደህና ሆናችሁ ትመጣላችሁ።

ገጠር ሰው ቤት ቡና ቢጠሩኝ ልግባ? ገንዘብስ ልስጥ?

ግቡ። ደጋው ላይ እንግዳን ደጅ አቁሞ ማሳለፍ ነውር ነው፤ ተጠርታችሁ እንቢ ስትሉ ቅር ይላቸዋል። ቸኩለናል ካላችሁም አቦሉን ጠጥታችሁ ተነሡ። ገንዘቡን ግን በእጅ ለባለቤቷ አትዘርጉ። ቡናው ሽያጭ ይመስላል፤ ብዙዎችም አይቀበሉም። ከከተማ ስትነሡ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ያዙ። ለልጆቹ ከረሜላ ሳይሆን ደብተርና እስክሪብቶ፣ ወይም ወፍራም ካልሲ ስጡ። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲለምኑ ግን ብር አትስጡ፤ ትምህርት ቤት ጥለው መኪና መጠበቅ ይለምዳሉ።

ፎቶ ስታነሡ ጠይቁ፤ እልክላችኋለሁ ካላችሁ ደግሞ ላኩ። ጋቢያቸውን ያዋሱኝን እናት በዚያ ቀን ከልጃቸው ጋር አንሥቻቸው ነበር። ባሕር ዳር ስመለስ ፎቶ ቤት አሳጥቤ በፖስታ አሽጌ፣ ወደዚያ ለሚሄድ የሚኒባስ ሾፌር ስማቸውንና የሰፈሩን ስም ጽፌ ሰጠሁት። ደረሰ አልደረሰ አላወቅኩም። በዓመቱ ኅዳር ላይ ደግሜ ስሄድ ቡና ሊያፈሉልኝ አስገቡኝ። ፎቶው ከእመቤታችን ሥዕል ጎን በሁለት ሚስማር ተመትቶ ተሰቅሎ አገኘሁት። ጥግ ጥጉ ጢስ ነክቶት ቡናማ ሆኗል።